ልጃችን የዱር አራዊት ጥበቃ ልማር ያለን እንደ ሆነ



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ደጋግመን ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ግን ልጆቹ ካደጉ፣ የመጀመሪያውንም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ከጨረሱ በኋላ በቤተ ሰብ መካከል የሚነሣ ጉዳይ ነው። ወላጆች ለልጃቸው ሕግን ወይም ሕክምናን ወይም የገንዘብ አስተዳደርን አስበው ሳለ፣ ልጁ «ለሁለተኛው ዲግሪ የምማረው የዱር አራዊት ጥበቃንና የኢኮቱሪዝም አስተዳደርን ነው» ብሎ የተነሣ እንደ ሆነ፣ በብዙ ቤት የመጀመሪያው መልስ ሣቅ፣ ሁለተኛው ቍጣ ነው። «ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርንህ ዝንጀሮ እንድትጠብቅ ነውን?» ይባላል።

እኛ ይህን ጥያቄ ክፉ ጥያቄ ነው አንልም። ለልጁ ከማሰብ የመጣ ነውና መልስ ይገባዋል። ነገር ግን ነገሩን ሳይመረምሩ በስሙ ብቻ መፍረድ ከአስተዋይ ወላጅ የሚጠበቅ አይደለም። ስለዚህ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ፣ ለአገር ምን እንደሚጠቅም፣ ለተማሪውም ምን ዐይነት ኑሮ እንደሚያዘጋጅለት በተራ በተራ እንገልጻለን።

በቀድሞ ዘመን የአገራችን ሰው ከአራዊት የሚያገኘው ክብር በማደን የተገኘ ክብር ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋ፣ ዝሆን የገደለ በጆሮው ወርቅ ያንጠለጥል ነበር፤ በግብር ላይም ሲፎክር የጣላቸውን አራዊት በስም ይቈጥር ነበር። በዚያን ጊዜ ዱሩ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት፣ መሣሪያውም ጦርና አሮጌ ጠመንጃ ስለ ነበረ፣ ነፍሱን ለአደጋ አሳልፎ የሰጠው አዳኝ ያገኘው ክብር ሐሰት አልነበረም። ዳሩ ግን ጠመንጃው ሲሻሻል፣ ደኑ ሲመነጠር፣ ሕዝቡም ሲበዛ ነገሩ ተገለበጠ። መግደል ቀላል፣ ማቈየት አስቸጋሪ ሆነ። ክብርም ዘወትር የሚገባው ለአስቸጋሪው ሥራ ነው።

መንግሥትም ይህን ለውጥ የተመለከተው ዛሬ አይደለም። በ1944 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የአደን አራዊትን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቍጥር 61 ወጣ። በ1969 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት፣ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች መካከል ስሜን አንዱ ሆነ፤ ከእርሱም ጋራ ላሊበላ ነበረ። በ2023 ደግሞ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዚሁ መዝገብ ገባ።

ሕግ ማውጣትና ወሰን መከለል ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ስሜን በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ እስከ 2017 ድረስ ሳይወጣ መቈየቱ ለዚህ ምስክር ነው። ከአደጋው ምክንያቶች መካከል የእርሻ መስፋፋት፣ የግጦሽ ብዛት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውም መንገድ ይገኙባቸው ነበር። እነዚህን ሁሉ ዘበኛ በጠመንጃው ብቻ ሊያስወግዳቸው አይችልም። ችግሩን መርምሮ፣ ለክቶ፣ ከሕዝቡም ጋራ ተመካክሮ መላ የሚያገኝ የተማረ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህ ሰው የሚማረው ምንድር ነው? አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ሁለት ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ አንዱ ዓመት በክፍል ውስጥ፣ ሌላው በዱርና በመንደር ለሚደረግ ምርምር፣ የምርምሩንም ውጤት በድርሰት ለማቅረብ ይውላል። ተማሪው የእንስሳትን ጠባይ፣ የዕፀዋትንና የአራዊትን መደጋገፍ፣ የፓርክ አስተዳደርን፣ የመሬትንና የአደንን ሕግ፣ የካርታ ሥራን፣ ስታቲስቲክስ የሚባለውንም የቍጥር ጥበብ ይማራል። በዚህም ላይ የኢኮቱሪዝም ትምህርት አለ፤ ይኸውም ጎብኚ ተፈጥሮን ሳያበላሽ አይቶ እንዲመለስ፣ ከከፈለውም ገንዘብ ለቦታው ጥበቃና በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ ድርሻ እንዲደርስ የማድረግ ጥበብ ነው።

አራዊትን መቍጠር ብቻውን እንኳ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። በገደል የሚኖረውን ዋልያ፣ በሌሊት የሚሄደውን ነብር እንደ በግ በበር አሳልፎ መቍጠር አይቻልም። ስለዚህ ተማሪው በካርታ ላይ ቀጥታ መስመሮችን ያሰምርና በእነርሱ ላይ እየተራመደ ያየውን ሁሉ፣ ከመስመሩም ያለውን ርቀት ይመዘግባል፤ ካየውም ተነሥቶ ያላየው ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ ይገምታል። ለሌሊት ሄያጆች እንስሳው ሲያልፍ በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ በዛፍ ላይ ያስራል። የበሉትንም ለማወቅ ፋንድያቸውን ሰብስቦ ይመረምራል። ይህ የመጨረሻው በጨዋ ቤት ለወሬ የማይመች ቢሆንም፣ ሐኪምም ሕመምተኛውን የሚመረምረው እንዲሁ ነውና የሚያሳፍር አይደለም።

የዚህ ዕውቀት ፍሬ ምን እንደ ሆነ ለማሳየት የቀይ ቀበሮን ታሪክ እንንገራችሁ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም። ካደጉት የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በ2003 በባሌ የዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገባና ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በሽታው ወደ ቀበሮው የሚሻገረው ከእረኞች ውሾች ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉን ቀበሮ ይዞ መከተብ የማይሞከር ነበር። ነገር ግን የቀበሮዎቹን ኑሮ ለብዙ ዓመት ሲያጠኑ የቈዩ ሰዎች እያንዳንዱ መንጋ የት እንደሚውል፣ አንዱ ሸለቆ ከሌላው በየትኛው መተላለፊያ እንደሚገናኝ ያውቁ ነበርና፣ በመተላለፊያው ያሉትን ብቻ በመከተብ በሽታው ወደ ሌላው ወገን እንዳይዛመት አደረጉ። ከ2018 ጀምሮም ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ የማብላት ሥራ ተጀመረ።

አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ! ቀበሮውን ያዳነው የቈየ ዕውቀት ነው። ወረርሽኙ በገባበት ቀን ዕውቀቱ ባይኖር ኖሮ፣ ገንዘብም ክትባትም ቢኖር የት እንደሚወጋ የሚያውቅ አይገኝም ነበር። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ከመንዝ ነው፤ ትምህርቱ ስለ አራዊት ብቻ አለመሆኑን ያስረዳልና። በመንዝ ጓሳ የሚባል ከፍተኛ ደጋ አለ፤ ስሙ በላዩ ከሚበቅለው ሣር ጋራ አንድ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ሌላም ለብዙ ነገር ይጠቅማል። የአገሩ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ደጋውን ይጠብቁ ነበር። ይኸውም አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ስፍራውን ለጥቂት ዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ በአንድነት ከፍተው ያጭዱ ነበር፤ ሥርዐቱን የተላለፈም ይቀጣ ነበር። ይህን ሲያደርጉ የሚያስቡት ስለ ቤታቸው ክዳን ነበር፤ ነገር ግን ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ ተጠበቀ፣ አይጡ ሲጠበቅ አይጥ የሚበላው ቀይ ቀበሮ ተጠበቀ፣ ጭላዳውም በዚያው ተረፈ። በ1975 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀድሞው ሥርዐት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ከጊዜ በኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል፤ ለጎብኚ የሚሆን የማኅበሩ ማረፊያ ቤትም በስፍራው ተሠርቷል።

ስለዚህ የአባቶች ሥርዐት ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ የሚባሉ የአገራችን ሰው በ2001 በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ድርሰታቸውን አቀረቡ። የመንዝ ገበሬ ከአባቱ የተቀበለው ወግ ለታላቅ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ርእስ ሆነ ማለት ነው። እንዲሁም በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ከዚሁ ከጓሳ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አስታውቋል። ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት በ25ቱ ሲሆን፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን በ67ቱ ይሳካለታል። ቀበሮው ይህን ስለሚያውቅ የጭላዳውን ግልገል ሳይነካ፣ እንደ ጨዋ ጎረቤት ቀስ ብሎ በመካከላቸው ይመላለሳል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የትምህርቱ ልብ ሰው መሆኑን ነው። ጭላዳ ገብሱን ያጠፋበት፣ ነብር ፍየሉን የወሰደበት ገበሬ «አራዊት የአገር ሀብት ናቸው» ቢሉት ሀብቱ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። በ2016 በስሜን ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ይህ ለፓርኩ ሣርና ለአራዊቱ ዕረፍት ሰጥቷል፤ የአባቱን መሬት ትቶ ለወጣው ገበሬ ግን እንደ ገና ኑሮን መጀመር ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ መመዘን፣ አንዱንም ሳያቃልሉ ሌላውን መርዳት የዚህ ትምህርት ከባዱ ፈተና ነው። ያልተማረ ሰው ወይ ለአራዊቱ ብቻ፣ ወይ ለሰዉ ብቻ ይፈርዳል።

ኢኮቱሪዝም የገባው ይህን ሚዛን ለማቅናት ነው። ሩዋንዳ የተባለችው አገር የተራራ ጎሪላዎቿን ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚከፍለውን በ2017 ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ጉብኝት ወደ 1,500 የአሜሪካ ዶላር ከፍ አደረገች፤ ከፓርኮቿም ገቢ በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ የሚሰጠውን ከ100 እጅ 5 የነበረውን 10 አደረገች። በእኛም አገር በስሜን የደባርቅና የአካባቢው ሰዎች መንገድ በመምራት፣ በቅሎ በማከራየት፣ ምግብ በማብሰልና በዘበኝነት ከጎብኚ ገቢ ሲያገኙ ቈይተዋል።

ይሁን እንጂ በዚህም በኩል ሳንሸሽግ የምንናገረው ነገር አለ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም ሲነሣ፣ ከዚያም በሰሜን ጦርነት ሲሆን፣ እንግዳው ቀረ፤ በቅሎውም በደጅ ቆመ። ኑሮው በእንግዳ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሰው እንግዳ ሲጠፋ ወደ ደኑና ወደ ግጦሹ መመለሱ የማይቀር ነው። ስለዚህ ብልህ የሆነ የኢኮቱሪዝም አስተዳዳሪ የጎብኚን ገንዘብ እንደ ወጥ ማጣፈጫ እንጂ እንደ እንጀራው አይቈጥረውም። የጓሳ ሰዎች ደጋቸውን የጠበቁት ጎብኚ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ ለራሳቸው ቤት ክዳን ብለው መሆኑን አይረሳም።

ልጃችን ይህን የት ሊማር ይችላል? ለሚል ወላጅ ሩቅ መሄድ የግድ አለመሆኑን እንነግረዋለን። በ1978 ለደን ትምህርት የተቋቋመው የወንዶ ገነት ኮሌጅ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ስለ ዱር አራዊትና ስለ ኢኮቱሪዝም ያስተምራል፤ ጉሬዛ የሚዘልበት ደንም በአጠገቡ ስላለው ተማሪው ከመጽሐፍ ወደ ዱር ለመውጣት ብዙ አይደክምም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በእንስሳት ጥናት በኩል ለአገራችን አራዊት ብዙ ተመራማሪዎችን አፍርቷል። ከጎረቤት አገሮች መካከል በታንዛንያ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በ1963 የተከፈተው የምዌካ ኮሌጅ ለአፍሪካ ፓርኮች ሹማምንትን በማሠልጠን የታወቀ ሲሆን፣ ከአገራችንም ሄደው የተማሩበት አሉ።

አሁን ወደ ወላጆች ሥጋት እንመለስ። የመጀመሪያው ስለ ኑሮ ነው። ይህ ሙያ ፈጥኖ ባለጸጋ የሚያደርግ አይደለም። ሥራው በመንግሥት ፓርኮችና መሥሪያ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በጥበቃ ማኅበሮች፣ በአስጐብኚ ድርጅቶችም ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ቦታው ከከተማ የራቀ፣ ደመወዙም ከድካሙ ጋራ የማይመጣጠን ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ ለልጁ መንገር የወላጅ ግዴታ ነው፤ ተስፋ ለማስቈረጥ ሳይሆን ዐይኑን ገልጦ እንዲገባበት ነው።

ሁለተኛው ስለ አደጋ ነው። በኮንጎ በቪሩንጋ ፓርክ ብዙ ዓመታት በዘለቀው ሁከት ከ200 የሚበልጡ ጠባቂዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። አደጋው ሐሰት ነው ብለን አናጽናናም። ነገር ግን ወላጆች ልጃቸውን ለአገር ዳር ድንበር ሲልኩ እያለቀሱም ቢሆን የሚመርቁት ሥራው የሚገባ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። የአገር ሀብት በድንበር ላይ ብቻ ሳይሆን በመካከልም ይጠበቃል።

ሦስተኛው ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ሥጋት ነው። «ሴት ልጅ በዱር ምን ትሠራለች?» ለሚሉ አንድ የታወቀ ታሪክ እናስታውሳቸው። እንግሊዛዊቷ ጄን ጉዳል በ1960 ዓመት በ26 ዓመት ዕድሜያቸው ቺምፓንዚ የሚባለውን የዝንጀሮ ወገን ለማጥናት ወደ ጎምቤ ደን ወደ ታንጋኒካ ሄዱ። የአገሩ ሹማምንት ወጣት ሴት ብቻዋን በዱር አትቀመጥም ቢሉ፣ እናታቸው ዕቃቸውን አስረው አብረዋቸው ሄዱ፤ በድንኳንም አብረዋቸው ተቀመጡ። ልጃቸውም ቺምፓንዚ መሣሪያ አበጅቶ የሚሠራ መሆኑን ለዓለም አስታወቁ፤ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ2025 በ91 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስም ስማቸው በመላው ዓለም የተከበረ ነበር። የልጅቱን ዕውቀት ሁሉ ያመሰግናል፤ እኛ ግን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ እናቲቱን ጭምር እናመሰግናለን። «አትሄጂም» ለማለት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ እርሳቸው ግን «አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

ስለዚህ ልጃችን ወይም ልጃችን የሆነችው ይህን ትምህርት የጠየቁን እንደ ሆነ፣ ከመከልከልም ከመፍቀድም በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቃቸው። አንደኛ፤ አራዊቱን በሥዕል ነው ወይስ በስፍራቸው አይታችኋል? አንድ ሳምንት በብርድና በዝናብ በደጋ ላይ ያልዋለ ሰው ፍቅሩ አልተፈተነም። ሁለተኛ፤ ከገበሬና ከእረኛ ጋራ ተቀምጣችሁ ማድመጥ ትችላላችሁ? በዲግሪው ተመክቶ ገበሬውን የሚንቅ ሰው በዚህ ሙያ ለአራዊቱ ጠላትን ያበዛባቸዋል እንጂ አይጠብቃቸውም። ሦስተኛ፤ ቍጥርን ትወድዳላችሁ? ፍቅር ያለ ቍጥር ለዋልያው አይረባውምና። ለሦስቱም መልሳቸው የታመነ ከሆነ፣ ምርቃታችንን ብንነፍጋቸው በደላችን ይሆናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ሹመቱ ቢዘገይም ዕውቀቱ ይቅደም።

ልጃቸው ሌላ ሙያ የመረጠላቸው አንባቢዎቻችንም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። የነብር ቆዳና የዝሆን ጥርስ ለቤት ጌጥ አለመግዛት፣ የቤትንና የገጠር ርስትን ውሻ በየጊዜው ማስከተብ፣ ልጆችን በዕረፍት ጊዜ ወደ አንዱ ፓርክ ወስዶ ከመሪውና ከበቅሎ ነጂው ጋራ ማነጋገር፣ ይህ ሁሉ ከማንኛውም ቤተ ሰብ ዐቅም በላይ አይደለም። በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎፈር ቢኖርም አውርዶ መጣል አያስፈልግም። ስለ አባት ጀግንነት ለልጅ ሲተረክበት፣ የዚያ አንበሳ ዘር ዛሬ ስንት እንደ ቀረ አብሮ ይነገረው። ልጁ «እስቲ ሄጄ ልቍጠራቸው» ብሎ የተነሣ እንደ ሆነ ግን፣ ስንቁን እናስርለት።